ከተራራው ጫፍ ወዲያ መሸሻ የላትም፤ ስለ ባሌ ተራሮች እንቁራሪቶች

(የመግቢያ ዜማ ለጥቂት ጊዜ ከተሰማ በኋላ ዝቅ ይላል።)

በአዳማና በወንጂ፣ በሞጆና በመቂ፣ በባቱና በአርሲ ነጌሌ፣ እስከ ሻሸመኔም ድረስ ይህን ትምህርታዊ ዝግጅት የምትከታተሉ የተከበራችሁ አድማጮቼ፣ በተለይም ከመምህሮቻችሁ ጋር ሬዲዮ ከብባችሁ የተቀመጣችሁ ተማሪዎች ሆይ፤ የዛሬው ንግግራችን አርእስት የተራራ እንቁራሪት ናት። በእኛ አገር ልማድ እንቁራሪት እምብዛም ክብር የሚሰጣት ፍጥረት አይደለችም፤ በኦሪት ዘጸአት ነገሯ የሚነሣው ከፈርዖን እልፍኝ እስከ ሕዝቡ ቡሃቃ ድረስ በገባው መቅሠፍት ነው፤ በተረታችንም ዝሆንን አክላለሁ ብላ ራሷን ስትነፋ የተሰነጠቀችው ሞኝ እርሷ ናት፤ ክረምቱ ሲገባ በወንጂ የሸንኮራ አገዳ ቦዮችና በባቱ ሐይቅ ዳርቻ የምታሰማው ጩኸት ደግሞ እንቅልፍ ከመንሣት በቀር ፍሬ ያለው የማይመስለው ሰው ጥቂት አይደለም።

ይሁን እንጂ ከዚህ ከተናቀው ወገን አንዳንዶቹ፣ ከእኛ ከተሞች በስተ ደቡብ ምሥራቅ በሚታየው ደጋ ላይ ብቻ የሚኖሩ፣ በሌላ በየትኛውም የምድር ማዕዘን ቢፈለጉ የማይገኙ፣ ቁጥራቸውም ከዘመን ወደ ዘመን እየመነመነ በመሄዱ የዓለም ሊቃውንት በብርቱ ስጋት የሚመለከቷቸው ብርቅዬዎች ናቸው። ዛሬ ልነግራችሁ የምሻው ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ እርሱም፣ በተራራ ራስ ላይ የሚኖር ፍጥረት ከዚያ ወዲያ የሚሸሽበት ሥፍራ ስለሌለው፣ ተራራው በታመመ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠፋው እርሱ ነው፤ ስለዚህም የእንቁራሪት መጥፋት ነገሩ የእንቁራሪት ብቻ ሆኖ አይቀርም የሚል ነው። በንግግሬ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰፈሩ መሆናቸውን በቅድሚያ አሳስባለሁ።

በመጀመሪያ የእንቁራሪትን ባሕርይ በአጭሩ እንመልከት። እንቁራሪት ሕይወቷን ለውኃና ለየብስ ከፍላ የምትኖር እንስሳ ናት። በአብዛኞቹ ዘንድ በተለመደው ሥርዓት እናቲቱ ዕንቁላሏን በውኃ ውስጥ ትጥላለች፤ ከዕንቁላሉ የሚወጣው ጭራ ያለው እጭ በስንጥቡ እየተነፈሰ፣ በውኃው ውስጥ የሚያገኘውን አረንጓዴ ለምለም እየጋጠ ያድጋል፤ ጊዜው ሲደርስም እግር ያወጣል፣ ጭራው እየከሰመ ይጠፋል፣ ሳንባ ያበጃል፣ ሌላ መልክና ሌላ ጠባይ ይዞም ወደ የብስ ይወጣል።

ከዚህ መለዋወጥ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የቆዳዋ ነገር ነው። ጠጉርም ሆነ ላባ፣ ቅርፊትም ቢሆን ያልለበሰው ይህ ስስና እርጥብ ቆዳ ገላዋን መሸፈኛ ብቻ አይደለም፤ አየር የምትስበው በሳንባዋ ብቻ ሳይሆን በእርሱም በኩል ነው፤ ውኃንም በአፏ ከመጠጣት ይልቅ በእርሱ ትመጥጣለች፤ በደሟ ውስጥ የሚገኘው ጨው ሚዛኑን ጠብቆ የሚኖረውም በእርሱ አማካይነት ነው። እንዲህ ያለ ቆዳ የለበሰ ፍጥረት ከአካባቢው የሚለየው አጥር የለውም፤ በውኃው ውስጥ መርዝ ቢጨመር፣ አየሩ ከልክ በላይ ቢደርቅ፣ በአፈሩ ውስጥ በሽታ ቢገባ፣ ይህ ሁሉ ከልካይ ሳያገኝ ወደ ደሟ ይደርሳል። የገላዋም ሙቀት ከውስጧ የሚመነጭ ሳይሆን ከአየሩና ከመሬቱ የምትዋሰው ስለ ሆነ፣ የአየሩ ጠባይ ሲለወጥ የእርሷም ኑሮ አብሮ ይለወጣል። የሥነ ፍጥረት ሊቃውንት የአንድን አገር ጤና ለመመርመር ሲሹ ስለ እንቁራሪቶቹ መጠየቃቸው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን በአሳብ ወደ ደጋው እንውጣ። ከአዳማ ተነሥቶ ወደ አሰላ የሚወስደውን መንገድ የያዘ መንገደኛ፣ ከ1600 ሜትር ጥቂት ከፍ ከሚለው ከእኛ ሞቃት አገር ወጥቶ፣ የግራርና የአቧራውን ምድር ወደ ኋላ ትቶ፣ የአርሲን የስንዴና የገብስ ማሳ እያቋረጠ በበቆጂ፣ በዶዶላና በአዳባ በኩል ወደ ባሌ ይዘልቃል፤ ከሻሸመኔ የሚነሣውም በኮፈሌ በኩል አድርጎ ከዚሁ መንገድ ይገናኛል። ከዲንሾ በኋላ ሮቤን አልፎ ጎባ ሲደርስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ቆሟል፤ ከዚያም ወደ ደቡብ የሚያቀናው ጎዳና በኮሶና በጥድ፣ ቀጥሎም በአስታ ዛፍ መካከል ሽቅብ ወጥቶ፣ 4000 ሜትር ገደማ ከፍ ባለው በሳኔቲ ሜዳ ላይ ይዘረጋል። ከባሌ ተራሮች ሁሉ በቁመቱ የሚበልጠው ቱሉ ዲምቱ፣ 4377 ሜትር ከፍታ ያለው ራሱን የሚያነሣው ከዚሁ ሜዳ ላይ ነው።

ሳኔቲ ቀን ፀሐይ የሚያቃጥልበት፣ ሌሊት ውርጭ የሚጋገርበት፣ ጅብራ እንደ ሰው ቆሞ የሚታይበት፣ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል የሚያድንበት አገር ነው። ከሜዳው በስተ ደቡብ ምድሩ በድንገት ያዘቀዝቃል፤ መንገዱም ጉም የማይለየውን የአስታ ዱር፣ ቀጥሎም ቀርከሃውን፣ በመጨረሻም የጫካ ቡና የሚበቅልበትን ታላቁን የሐረና ደን እየሰነጠቀ፣ ሪራ የተባለችውን መንደር አልፎ እስከ ዶሎ መና ይወርዳል። ይህ ሁሉ የሚጠበቅበት የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 የተቋቋመ፣ ወደ 2200 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው ሲሆን፣ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ብዙ ሰው ፓርኩን የሚያውቀው በቀይ ቀበሮውና በደጋ አጋዘኑ ነው፤ እኛ ግን ዛሬ ዓይናችንን ወደ ታች ዝቅ አድርገን፣ ከድንጋዩ ሥርና ከጨፌው ሣር መካከል ያሉትን አራት ፍጥረቶች እንፈልጋለን።

ከአራቱ የመጀመሪያዪቱ የማልኮልም ጉርጥ የምትባለው ናት። ይህን ስም ያገኘችው፣ በ1970ዎቹ ገደማ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ የኢትዮጵያን እንቁራሪቶች በትጋት ከመረመረው ከእንግሊዛዊው ሊቅ ከማልኮልም ላርገን ሲሆን፣ ለዓለም ገልጣ የጻፈችላት በ1978 በለንደን ቤተ መዘክር ትሠራ የነበረችው አሊስ ግራንዲሰን ናት። ጉርጢቱ ትንሽ ናት፤ ርዝመቷ ከ3 ሳንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። መኖሪያዋ ከ3200 እስከ 4000 ሜትር ባለው ከፍታ፣ በአስታው ዱርና በጓሳው ሜዳ፣ በእርጥብ ሣር ውስጥና በወደቀ ግንድ ሥር ነው።

እርሷን ከሌሎች ሁሉ የሚለያት የአወላለዷ ሥርዓት ነው። ቀደም ሲል እንደ ተናገርሁት፣ ተራ እንቁራሪት ዕንቁላሏን በውኃ ውስጥ ስትጥል ወንዱ ዘሩን ከላይ ያፈስበታል፤ በማልኮልም ጉርጥ ዘንድ ግን ዘሩ ከዕንቁላሉ ጋር የሚገናኘው በእናቲቱ ሆድ ውስጥ ነው፤ እርሷም ዕንቁላሏን ወደ ኩሬ ወይም ወደ ወንዝ አትወስድም፤ በየብስ ላይ፣ እርጥበት በማይለየው ሣር ሥር ታስቀምጠዋለች፤ ብዙ እናቶችም በአንድ ሥፍራ ተሰብስበው ዕንቁላላቸውን በአንድነት ይከምራሉ። ከዚያ የሚወጡት እጮች ጭራ ቢኖራቸውም የሚዋኙበት ውኃ የላቸውም፤ ከዕንቁላሉ አስኳል የተረፋቸውን ስንቅ እየተመገቡ፣ በዚያው በረጠበው መሬት ላይ መልካቸውን ለውጠው ጉርጥ ይሆናሉ። የደጋው ኩሬ ሌሊት በውርጭ የሚቀዘቅዝ፣ ጅረቱም በጥድፊያ የሚወርድ መሆኑን ላሰበ ሰው፣ ልጆችን ከውኃ አውጥቶ በሣር ሥር ማሳደግ ምን ያህል ጥበብ እንደ ሆነ አይሰወረውም። ነገር ግን ይህ ጥበብ ሁሉ የተመሠረተው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ በእርጥቡ ሣር ላይ። ሣሩ ተግጦ መሬቱ ራቁቱን ቢቀር፣ በመቶ የሚቆጠሩ ከብቶችም ያንን ጨፌ ቢረግጡት፣ የብዙ እናቶች ልጆች በአንድ ቀን ይጠፋሉ።

ሁለተኛዪቱ የቅርብ ዘመዷ የኦስጉድ ጉርጥ ናት። በ1926 እና በ1927 ከአሜሪካ ከቺካጎ ቤተ መዘክር ተነሥቶ ኢትዮጵያን የጎበኘውን የሥነ ፍጥረት ጉዞ የመራው ዊልፍሬድ ኦስጉድ ስለ ነበር፣ አርተር ላቭሪጅ የተባለው ሊቅ በ1932 ይህችን ጉርጥ ሲገልጥ በእርሱ ስም ጠራት። የእርሷ መኖሪያ ከማልኮልም ጉርጥ ዝቅ ብሎ ይጀምራል፤ አወላለዷም በጥንታዊው ሥርዓት ነው፤ በመቶ የሚቆጠር ጥቁር ዕንቁላል በውኃ ውስጥ ትጥላለች፤ እጮቿም በውኃው ውስጥ እየዋኙ ያድጋሉ። እንዲህ ያሉ ሁለት የቅርብ ዘመዳሞች በአንድ ተራራ ላይ እየኖሩ፣ አንደኛዪቱ በውኃ፣ ሁለተኛዪቱ በየብስ መውለዳቸው፣ ሕይወት ከውኃ ወደ የብስ የተሸጋገረችበትን ረቂቅ ጉዞ ለሚመረምሩ ሊቃውንት የከበረ መዝገብ ሆኖላቸዋል።

ሦስተኛዪቱ በ1989 በማልኮልም ላርገንና በሮበርት ድሩዊስ የተገለጠችው ናት፤ የወገኗ ስም ባሌብረቪሴፕስ ሲሆን፣ የግል ስሟ የተወሰደው በባሌ ተራሮች ፓርክ ለብዙ ጊዜ ካገለገለው ከባለሙያው ከሂልማን ነው። ይህች እንቁራሪት ክብና ድብልብል ገላ፣ አጫጭር እግሮች፣ ደምደም ያለ አፍንጫ ያላት፣ ከመዝለል ይልቅ መራመድና መሬት ውስጥ መሸሸግ የሚቀናት ናት፤ የምትኖረውም በሐረና ደን ላይኛ ዳርቻ፣ 3200 ሜትር ገደማ ባለው ከፍታ፣ በአስታ ሥርና በወደቀ ግንድ ወይም በድንጋይ ሥር ነው። ዘመዶቿ የሚገኙት በሩቅ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ተራሮች፣ ከዚያም አልፎ እስከ አፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ ድረስ ነው፤ በአገራችን ግን ወገኗን በሙሉ የምትወክለው እርሷ ብቻ ናት።

አራተኛዪቱ በ1991 ላርገን የገለጣት ኤሪካባትራኩስ ናት፤ ፈጥነው በሚወርዱ ትንንሽ ጅረቶች ዳር፣ በሣር በተሸፈነ ዳርቻ የምትኖር ደቃቃ ፍጥረት ናት። በ2014 የታተመ የዘር ምርመራ እንዳሳየው፣ የቅርብ ዘመዶቿ በምዕራብ አፍሪካና በካሜሩን ደኖች የሚኖሩ ናቸው፤ ከካሜሩን እስከ ባሌ ያለውን ርቀት፣ በመካከሉም የተዘረጋውን ደረቅ አገር ያሰበ ሰው፣ ይህች ፍጥረት ደን ከአንዱ የአፍሪካ ዳርቻ ወደ ሌላው በሰፊው ተዘርግቶ ይኖር ለነበረበት ጥንታዊ ዘመን ሕያው ምስክር መሆኗን ይረዳል። ባሌብረቪሴፕስና ኤሪካባትራኩስ ሁለቱም በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ላይ፣ ከመጥፋት በፊት ባለው በመጨረሻው የስጋት ደረጃ ላይ ተጽፈዋል።

(አጭር ዜማ።)

አድማጮቼ ሆይ፤ እነዚህ ፍጥረቶች በዚያ ተራራ ላይ ብቻ ለምን ተወሰኑ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ መልሱ የሚነካው እኛኑ፣ በስምጥ ሸለቆው ወለል የምንኖረውን ነው። የኢትዮጵያን ደጋ ከሁለት የከፈለው ይህ ስምጥ ሸለቆ በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ መሬት እየተሰነጠቀችና እየሰጠመች የተፈጠረ ነው፤ በምሥራቅ የአርሲ፣ የባሌና የሐረርጌ ደጋ፣ በምዕራብ ደግሞ የሸዋና ከዚያ ወዲያ ያለው ደጋ ቀሩ፤ በመካከላቸው ግን አዳማና መተሐራ፣ ባቱና ላንጋኖ ያሉበት ሙቅ ምድር ተዘረጋ። ለሰውና ለመኪና ይህ ሸለቆ መንገድ ነው፤ ብርድና እርጥበት ለለመደች፣ ቆዳዋም በድርቅ ለሚቃጠል የደጋ እንቁራሪት ግን ባሕር ነው፤ ተራራውም ለእርሷ በባሕር የተከበበ ደሴት ነው። በ2014 የወጣ ሌላ ጥናት፣ በሸለቆው ምሥራቅና ምዕራብ የሚኖሩ የኢትዮጵያ እንቁራሪቶችን ዘር አነጻጽሮ ሲመረምር፣ በመልክ አንድ የሚመስሉት ሳይቀሩ በዘራቸው ተለያይተው ለረጅም ዘመን የቆዩ መሆናቸውን አሳይቷል። በአገራችን ከሚታወቁት ከ60 የሚበልጡ የእንቁራሪት አስተኔ ዝርያዎች መካከል ከሢሶ የማያንሱት በሌላ አገር የማይገኙ መሆናቸውም ከዚህ ከገጸ ምድራችን አቀማመጥ የመነጨ ነው።

በዚህ ላይ የአየሩ ጠባይ መለዋወጥ ይጨመራል። ከ40 ሺሕ ዓመታት በፊት ገደማ በሳኔቲ ሜዳ ላይ የበረዶ ግግር ተኝቶ እንደ ነበር፣ በረዶው ገፍቶ የተዋቸው ድንጋዮች እስከ ዛሬ ይመሰክራሉ። ብርዱ በበረታበት በዚያ ዘመን የደጋው ሣርና የአስታው ዱር ዛሬ ካሉበት ዝቅ ብለው ይበቅሉ ነበር፤ ምድር እየሞቀች በሄደች ጊዜ ግን ሽቅብ ሸሹ፤ ቅዝቃዜ የለመዱትም እንስሳት ተከትለዋቸው ወጡ። ተራራ ወደ ላይ በሄደ መጠን እየጠበበ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ በእያንዳንዱ መቶ ሜትር መውጣት የሚገኘው መሬት ከቀደመው ያነሰ ነው። ዛሬም ዓለም በሰው ሥራ ምክንያት እየሞቀች ስትሄድ እነዚያው ፍጥረቶች እንደ ጥንቱ ሽቅብ ይሸሹ እንደ ሆነ ብናስብ፣ በ4377 ሜትር ላይ ተራራው ያልቃል፤ ከዚያ በላይ ያለው ሰማይ ብቻ ነው።

ወደ ዋናው ጉዳት እንለፍ። ከ1971 ጀምሮ እስከ 2009 ድረስ በተለያየ ጊዜ በባሌ የተደረገውን ፍለጋ አንድ ላይ አሰባስቦ የመረመረ፣ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችም የተሳተፉበት ጥናት በ2013 ታትሟል። የጥናቱ ስልት ቀላልና ብልሃት ያለው ነበር፤ አንድ ሰው በአንድ ሰዓት ፍለጋ ስንት እንቁራሪት እንደሚያገኝ ይቆጠራል፤ ይህም ቁጥር ከዓመት ወደ ዓመት ይነጻጸራል። የእንቁራሪት ብዛት በዝናቡ መብዛትና ማነስ ከክረምት ክረምት እጅግ ስለሚለዋወጥ፣ የአንድ ዓመት ቆጠራ ሊያሳስት ይችላል፤ የአርባ ዓመት ቆጠራ ግን የነገሩን አካሄድ በግልጥ ያሳያል። ውጤቱም የሚያሳዝን ሆነ፤ ቀድሞ በብዛት ይገኙ የነበሩት በጥቂቱ፣ በጥቂቱ ይገኙ የነበሩት ደግሞ በጭንቅ የሚገኙ ሆነዋል፤ ከሁሉ የከፋው መመናመን የታየው በኦስጉድ ጉርጥ ላይ ሲሆን፣ ኤሪካባትራኩስም ቀድሞ በታወቀችበት ጅረት ዳር በፍለጋ ጠፍታ፣ በ2009 የተገኘችው በሌላ ሥፍራ ነው።

ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው የመኖሪያ መጥፋት ነው፤ የአስታው ዱር ለግጦሽ ሣር እንዲያወጣ ተብሎ ይቃጠላል፤ ደኑ ለማገዶ፣ ለቤት መሥሪያና ለእርሻ ይቆረጣል፤ ጨፌው ከአቅሙ በላይ በከብት ይረገጣል፤ የጅረቱ ዳርቻ ሣሩን ሲያጣ አፈሩ ወደ ውኃው ይናዳል፤ ጥላ የነበረው መሬትም ለፀሐይ ይጋለጣል። በዚህ ነገር የአገሩን ሰው ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ የባሌ ኦሮሞ አርብቶ አደር ከጥንት ጀምሮ ጎዳንቱ የሚባል ሥርዓት ነበረው፤ በእርሱም ከብቶች ወቅቱን እየጠበቁ ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከደጋ ወደ ቆላ ይዛወሩ ነበር፤ የተለቀቀው ምድርም ያርፍ ነበር። ሕዝቡ ሲበዛ፣ እርሻውም ሲሰፋ መዘዋወሪያው እየጠበበ ሄደ፤ በየወቅቱ ወደ ደጋው ወጥተው ይመለሱ ከነበሩትም ብዙዎቹ በዚያው መኖር ጀመሩ።

ሁለተኛው ምክንያት በዓይን የማይታይ ጠላት ነው። በ1998 ሊቃውንት የእንቁራሪቶችን ቆዳ የሚያጠቃ፣ በአውስትራሊያና በመካከለኛው አሜሪካ ብዙ ወገኖችን የጨረሰ አንድ ረቂቅ ፈንገስ አገኙ። ይህ ፈንገስ ዘሩን በውኃ ውስጥ እየዋኘ እንዲሄድ አድርጎ ይበትናል፤ በቆዳው ላይ ሰፍሮ ያወፍረዋል፤ ቀደም ብለን እንዳየነው ውኃና ጨው የሚያልፉት በቆዳው በኩል ስለ ሆነ፣ የደሙ ሚዛን ይናጋና የእንቁራሪቱ ልብ ይቆማል። ቅዝቃዜና እርጥበት ይስማማዋል፤ የተራራ እንቁራሪቶችን አብዝቶ የሚያጠቃውም ስለዚህ ነው። በ2019 በወጣው የዓለም ጥናት መሠረት በዚህ በሽታ የተመናመኑት ወገኖች 501 ሲሆኑ፣ ከእነርሱ 90ዎቹ ፈጽሞ እንደ ጠፉ ይታመናል። በ2012 የታተመ ምርመራም ፈንገሱ በኢትዮጵያ ደጋዎች በብዙ ሥፍራና በብዙ ወገን ላይ እንደሚገኝ አረጋግጧል። እርግጥ ነው፣ ፈንገሱ መገኘቱ ብቻ ገዳዩ እርሱ ነው ለማለት አያበቃም፤ ነገር ግን መኖሪያው የጠበበበት፣ ሣሩ የተገጠበት፣ ሙቀቱ የተለወጠበት እንስሳ በሽታ ሲጨመርበት የመቋቋም ኃይሉ ምን ያህል እንደሚያንስ ማንም ሊገምተው ይችላል።

ለነገሩ ከሌላ የአፍሪካ አገር አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በታንዛኒያ፣ በኪሃንሲ ወንዝ ፏፏቴ ሥር፣ ከፏፏቴው የሚረጨው ፍንጣቂ ዘወትር በሚያረጥበው ሁለት ሄክታር በሚያህል ቁራሽ መሬት ላይ ብቻ የሚኖሩ፣ ዕንቁላል ሳይጥሉ ሕያው ልጅ የሚወልዱ ደቃቃ ጉርጦች በ1996 ተገኙ። ከእኛ የማልኮልም ጉርጥ ጋር የሥጋ ዘመዶች ናቸው። ወንዙ ለኤሌክትሪክ ኃይል ሲገደብ ፍንጣቂው እጅግ ቀነሰ፤ ጉርጦቹም ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ፣ በሽታም ተጨምሮባቸው ከመኖሪያቸው ጠፉ፤ በ2009 በዱር የሉም ተብሎ ታወጀ። አስቀድመው ወደ አሜሪካ የአራዊት ማቆያዎች የተወሰዱት ግን በጥንቃቄ ተዋልደው ስለ ነበር፣ ሰው ሠራሽ የውኃ መርጫ ከተበጀ በኋላ በ2012 ወደ ቀድሞ ቦታቸው መመለስ ጀመሩ። ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት ይገኛል፤ አንደኛው፣ መኖሪያው ጠባብ የሆነ ፍጥረት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሊጠፋ መቻሉ ነው፤ ሁለተኛው፣ ያጠፉትን ለመመለስ የሚጠይቀው ገንዘብና ድካም አስቀድሞ ከመጠበቅ እጅግ የሚበልጥ መሆኑ ነው።

አሁን ከመካከላችሁ፣ «እኛ በቆላ፣ በባቡርና በመኪና መንገድ ላይ የምንኖር ነጋዴዎች፣ ሠራተኞችና ተማሪዎች፣ ከሳኔቲ ጉርጥ ጋር ምን አለን?» የሚል ይኖራል፤ ጥያቄውም የተገባ ነው። የመጀመሪያው መልስ ውኃ ነው። ቆላ የሚጠጣው ደጋ የያዘውን ነው። የባቱ ሐይቅ የሚሞላው ከአርሲ ተራሮች በሚወርደው በከታርና ከጉራጌ ደጋ በሚመጣው በመቂ ወንዝ ነው፤ ከባሌና ከአርሲ ደጋ የሚነሡት ዋቤ ሸበሌና ገናሌም በስተ ምሥራቅና በስተ ደቡብ ያለውን ደረቅ አገር፣ እስከ ሶማሊያ ድረስ ያጠጣሉ። ዝናቡን ይዞ ቀስ በቀስ ለወንዞች የሚሰጠው ያ እርጥብ ሣር፣ ያ ጨፌ፣ ያ የአስታ ዱር ነው፤ የማልኮልም ጉርጥ ልጆቿን የምታሳድግበትም እርሱው ነው። እርሷ የምትኖርበት ጨፌ ውኃ ይይዛል፤ ውኃ መያዝ ባቆመ ጨፌ ላይ ደግሞ እርሷ አትኖርም። ወንዝ የሚጎድለው ከብዙ ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ጉርጥ ግን ቀድማ ትጎድላለች፤ ሊቅ የሆነ ሰው ምልክቱን ከእርሷ ያነባል።

ሁለተኛው መልስ እንቁራሪት በኑሮ ሥርዓት ውስጥ ያላት ቦታ ነው። ትንኝንና ሌሎች ነፍሳትን ትመገባለች፤ እርሷን ደግሞ ወፎችና እባቦች ይመገቧታል፤ ስለዚህ በታችኛውና በላይኛው መካከል ያለች ማሠሪያ ናት። ሦስተኛው መልስ ግን ከጥቅም በላይ ነው፤ በዓለም ሁሉ ቢፈለግ የማይገኝ ፍጥረት በአንድ ሕዝብ ምድር ላይ ብቻ ሲገኝ፣ ያ ሕዝብ የአደራ ጠባቂ ነው፤ አደራ ደግሞ በእኛ አገር ሕግና ሃይማኖት፣ በክርስቲያኑም በእስላሙም በዋቄፈታ ተከታዩም ዘንድ፣ እጅግ የከበደ ነገር ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ዋናው ሥራ የቀረውን የአስታ ዱርና የሐረናን ላይኛ ዳርቻ ከእሳትና ከምሣር መጠበቅ፣ የጅረት ዳርቻዎችና ጨፌዎች የሚያርፉበትን ወቅት ከአገሩ ሽማግሌዎችና ከአርብቶ አደሮቹ ጋር ተማክሮ መወሰን፣ የቆጠራውን ሥራም ሳያቋርጡ መቀጠል ነው፤ ይህ የመንግሥት፣ የፓርኩና የዩኒቨርሲቲዎቻችን ድርሻ ነው። የእኛም ድርሻ አለ፤ ወደ ባሌ ለጉብኝት የሚሄድ ሰው ከአንዱ ውኃ ወደ ሌላው ሲሻገር ጫማውን አጥቦና አድርቆ ቢሄድ፣ እንቁራሪትንም ሆነ ዓሣን ከሥፍራው አንሥቶ ወደ ሌላ ውኃ ባይወስድ፣ በሽታ የሚዛመትበትን አንድ በር ዘጋ ማለት ነው። ከተማችን የምትገዛው የደን እንጨት ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ገዢም የደኑ ጠባቂ ይሆናል።

ለመምህራንና ለተማሪዎች አንድ ሥራ ልስጥና ንግግሬን ልፈጽም። በመጪው ዝናብ መጀመሪያ፣ በትምህርት ቤታችሁ አጠገብ ባለ ኩሬ፣ ቦይ ወይም ወንዝ ዳር እንቁራሪቶች መጮኽ የሚጀምሩበትን ቀን በደብተር ጻፉ፤ ውኃው ንጹሕ ወይም የቆሸሸ፣ ዳርቻው ሣር ያለበት ወይም የተራቆተ መሆኑን አብራችሁ መዝግቡ፤ እንስሳቱን ግን አትንኩ፣ አትያዙ። ከዚያም ወደ አባቶቻችሁና ወደ አያቶቻችሁ ሄዳችሁ፣ በልጅነታቸው በዚያው ሥፍራ የእንቁራሪት ድምፅ ይሰማ እንደ ነበረ ጠይቁ፤ መልሳቸውንም ከራሳችሁ ጽሑፍ አጠገብ አስፍሩ። በባሌ የተደረገው የአርባ ዓመት ጥናት የተጀመረው በዚሁ ዓይነት በትዕግሥት በተያዘ መዝገብ ነበር፤ የአዳማና የስምጥ ሸለቆ ከተሞች መዝገብ ግን ገና አልተጻፈም፤ ጸሐፊዎቹም እናንተ ናችሁ።

(የመዝጊያ ዜማ።)